ማንም ያልነቀፈው እትም

ጸደንያ ቦጋለ «ለምን?» ማለት ከጀመረች የሚያስቆማት የለም። ገና ልጅ ሳለች፣ ከእናቷ ጋር ታክሲ ስትጠብቅ፣ የወያላውን እጅ ይዛ «ለምንድን ነው ላፍቶ፣ ላፍቶ፣ ላፍቶ የምትለው? አንዴ አይበቃም?» ብላ ጠይቃዋለች አሉ። ወያላውም «አንዴ ብልማ አንቺም አትሰሚኝ» ብሎ ከነእናቷ አሳፈራት። እናቷ በኀፍረት አንገታቸውን ደፉ፤ ልጅቱ ግን እስኪወርዱ ድረስ መልሱን ስታመነዥክ ሄደች።

አሁን ሠላሳዎቹን ጀምራለች፤ አመሏ ግን አልለቀቃትም። የምትኖረው ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቀን ቀን ነፋስ ስልክ ባለ አንድ የቀለም ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ትሠራለች። ከዚህ ሌላ ጎረቤቶቿ የማያውቁት ሹመት አላት። ሊኑክስ የሚባለውን፣ ማንም በነፃ የሚወስደውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያሰራጭ አንድ ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ፤ ብዙ ሺህ ፕሮግራሞችን ይሰበስባል፣ እያንዳንዱን ጠቅልሎ ለፈለገ ሁሉ ያድላል። እያንዳንዱ ጥቅል ጠባቂ አለው። ጠባቂው ፕሮግራሙን አይሠራውም፤ ሠሪው አዲስ እትም ባወጣ ቁጥር ግን «ይህን ለሕዝብ ላሳልፈው ወይስ ላቆየው?» ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። ደመወዝ የለውም፣ አበል የለውም፣ ስሙን የሚያነሳው ሰው የሚኖረውም ነገር ሲበላሽ ነው። የጸደንያ ጥቅል «አንደበት» ይባላል፤ ስክሪን ላይ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ነው።

ሠሪው ቦና ነው፣ የአዳማ ልጅ። ቦና እጁ አያርፍም፤ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አዲስ እትም ይለቃል። ዛሬ ድምፁን ያለሰልሳል፣ ነገ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ከነገ ወዲያ ማንም ያልጠየቀውን ነገር አሻሽሎ ይመጣል። ጸደንያም ለአዲስ ነገር ማን ብሏት! «ምን ይዞ መጣ ይሆን?» ብላ ትከፍተዋለች፣ ትሞክረዋለች፣ ደስ ይላታል፣ ታሳልፈዋለች። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ያገኘ የተጠቃሚ ኮምፒውተር ሁሉ አዲሱን እትም ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ራሱ ይጭናል።

ነገሩ እንዲህ ሲቀጥል ከማኅበሩ አንድ መልእክት መጣ። የሥርጭቱ ዋና እትም ሊቆለፍ ነው፤ ከተቆለፈ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ሌባ ከሚያስገባ ቀዳዳ መድፈኛና ከከባድ ብልሽት መጠገኛ በስተቀር ማንም ምንም አይነካም። አንደበት በዚያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ ወይስ እንደ እስከዛሬው በየሳምንቱ ይቀያየር? ጠባቂዋ እስከ ሰኞ ትወስን። መልእክቱን የጻፈው ሰው መጨረሻ ላይ በቅንነት እንዲህ ብሎ አክሎበታል፤ «በጥቅልሽ ላይ አንድም ቅሬታ ቀርቦ አያውቅም፤ ተጠቃሚዎችሽ ደስተኞች መሆናቸውን ያሳያል። እንዳለ ብትቀጥዪበትስ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አንብቦ ደረቱን ይነፋ ነበር። ጸደንያን ግን «ደስተኞች» የሚለው ቃል ቆረቆራት። እኛ አገር ሰው ሲደሰት ዝም ይላል እንዴ? ሲደሰትማ ይመርቃል፣ «ተባረኪ» ይላል፣ ስልክ ይደውላል። ዝም የሚለው ሲከፋው ነው። የሌሎቹን ጥቅሎች ገጽ ብትከፍት ቅሬታው እንደ ሐምሌ ዝናብ ይወርዳል፤ የእሷ ገጽ ግን ጭር ብሏል፣ ስድብም ምርቃትም የለበትም። ለምን?

ለቦና ደወለችለት። «ዝም አይነቅዝም ይባላል» አለ እየሳቀ። «ደግሞ የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል እያልሽ ጥቅሉን እንዳትቆልፊብኝ። ለሁለት ዓመት አሮጌ ይዘው ይቀመጡ?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባልም አለ» አለችው። «ሁለቱም ተረት ነው። እኔ የምፈልገው ማየት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ስልክ ወዳለው የዓይነ ስውራን የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል ሄደች። ክፍሉን የሚመሩት እትዬ በቀለች ናቸው፤ ዓይናማ ናቸው፣ ብሬል ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ደግ ሴትዮ። የአንደበት ጠባቂ እሷ መሆኗን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አንቺ ነሽ እንዴ! ኧረ ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ! በጣም ጥሩ ነው፣ እንከን የለውም።»

ሠልጣኞቹም ተቀባበሉት፤ ምርቃቱ ከግራም ከቀኝም ወረደባት። ጸደንያ ምርቃቱን እየተቀበለች ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። የኢንተርኔቱ ገመድ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ በጨርቅ ታስሮ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

«እትዬ በቀለች፣ ይህ ገመድ ለምን ተነቀለ?»

«እሱማ... ልጆቹን እንዳያደናቅፋቸው ብዬ ነዋ።»

«ከነቀሉት ቆየ?»

«አይ፣ ያን ያህል እንኳን...» አሉና ሻይ ሊያስመጡ ተነሡ። ይሉኝታ የያዘው ሰው ሻይ ማስመጣት ይወዳል።

ሻዩ ተጠጥቶ፣ ሌላ ተደግሞ፣ የልጆች ጤና ተጠይቆ ካለቀ በኋላ ነው እውነቱ ቀስ እያለ የወጣው። አንድ ቀን፣ ሠልጣኞቹ ፈተና ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ያ የለመዱት ድምፅ ድንገት ሌላ ድምፅ ሆነ፤ ችኩል፣ ትንፋሽ የማይሰጥ። አንዷ ልጅ አልቅሳ ወጣች። እትዬ በቀለችም ገመዱን ነቀሉ፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ወደዚህ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልጄ? በነፃ የሰጠሽኝን ሰው፣ ስጦታሽ ጎረበጠኝ ይባላል?»

ይህን እያወሩ ሳለ አንደኛው ኮምፒውተር ድምፁ ጥርቅም አለ። ሠልጣኙ አልደነገጠም፤ እጁን አጣምሮ ቁጭ አለ። ጸደንያ ምን ሆነ ብትለው «ደክሞት ነው፤ ትንሽ ሲያርፍ ይነሣል» አላት፣ የጋሪ ፈረስ ያወራ ይመስል። ቦና ያንን ብልሽት ከጠገነው ከዓመት በላይ ሆኖታል። እነዚህ ልጆች ግን ገመዳቸው ተነቅሎ መድኃኒቱ ሳይደርሳቸው በሽታውን እያስታመሙ ኖረዋል። ጸደንያ ሳቋ መጥቶ ተመለሰ። የተቀያየረባቸውም ተቸገሩ፣ ያልተቀየረላቸውም ተቸገሩ። ታዲያ ልኩ የቱ ነው?

በፋብሪካው የቀለም ቅመም ሲለወጥ ናሙናውን ቆርቆሮ ላይ ቀብተው ፀሐይ ላይ ያኖሩታል፤ ሳይደርቅና ሳይታይ ጣሳ ውስጥ አይገባም። እሷ ግን እርጥቡን ስታድል ነው የከረመችው። ናሙናውን ቀብታ የምታደርቅበት ቆርቆሮስ የት አለ?

«ጋሽ ወጋየሁን ጠይቂ» አሉ እትዬ በቀለች ሲሸኟት። «እሳቸው ገመድ ነቅለው አያውቁም። የመጣውን ሁሉ ይቀበላሉ።»

ጋሽ ወጋየሁ ብስራተ ገብርኤል ነው የሚኖሩት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ አማርኛ አስተማሩ፣ ከጡረታ በኋላ ደግሞ ግዛው ለሚባል የማተሚያ ቤት ባለቤት ረቂቅ ማረም ያዙ። ዓይነ ስውር አራሚ ሲባል ሰው ይገረማል። እሳቸው ግን በአንደበት እያስነበቡ፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናማው በችኮላ የሚዘለውን ግድፈት በጆሯቸው ይለቅሙታል። አንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ሳይሰሙ አይመልሱም። ሁለቱን ልጆቻቸውን ያስተማሩት አስተማሪ ሆነው ነው፤ ሰው ቁምነገር ሊጠይቃቸው የሚመጣው ግን አራሚ ከሆኑ ወዲህ ነው፣ ይህንንም አይደብቁም ነበር።

ጸደንያን በክብር ተቀበሏት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅዬ ዳቦ ቆርሰው አቀረቡ።

«አንደበት እንዴት ነው ጋሼ?»

«ምን ይወጣለታል! ተባረኪ ልጄ። እንዲያውም ካለፈው ክረምት ወዲህ ንባቡ ውኃ ሆኗል፤ ሰው የሚያነብ ነው የሚመስለው።»

«ሥራስ?»

«ትቼዋለሁ» አሉ፣ ዳቦውን እየቆረሱ። «ጆሮዬ ደክሟል። ዕድሜ ነው እንግዲህ።»

ወይዘሮ ወርቅዬ ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። ጸደንያ ነገሩን እዚህ ላይ መተው ይገባት ነበር፤ ጨዋ ሰው ይተወዋል። እሷ ግን «እንዴት አወቁ?» አለች።

ጋሽ ወጋየሁ ሊመልሱላት አልፈለጉም። የመለሱላት ወይዘሮ ወርቅዬ ናቸው። ከክረምት በኋላ አንድ አዛውንት ወንጌላዊ የጻፉት የሕይወት ታሪክ በጋሼ ታርሞ ታተመ። መጽሐፉ ሲመጣ ወይዘሮ ወርቅዬ ከፍተው እያነበቡላቸው ሳለ «ምነው አንዱን መስመር ሁለቴ ታነቢዋለሽ?» አሉ ጋሼ። «ሁለቴ ተጽፎ ነው» አሉ እሳቸው። ገለጥ ሲያደርጉ ሌላ ተገኘ፣ ሌላም። አዛውንቱ ደራሲ በመጽሐፉ ምርቃት ዕለት አንድ ቃል አልተናገሩም። ግዛውም አልተናገረም፤ ብቻ ረቂቅ መላክ አቆመ። ጋሼ ሲደውሉ «ገበያው ቀዝቅዟል ጋሼ» ይላል። እሳቸውም «አይዞህ» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ።

«ሌሊት እየተነሣ ጆሮው ሥር ሰዓት ያስጠጋል» አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ። «ይሰማኛል ወይ እያለ።»

«ወርቅዬ!» አሉ ጋሽ ወጋየሁ።

ጸደንያ ረቂቁ አሁንም ላፕቶፓቸው ውስጥ መኖሩን ጠየቀች። አለ። ያንን ገጽ እንዲያስነብቡላት ለመነቻቸው። ጋሼ ቅር እያላቸው ከፈቱት፤ አንደበት በዚያ ለስላሳ ድምፁ ማንበብ ጀመረ። ጸደንያ አብራ በዓይኗ እየተከተለች ነበር። ድምፁ አንድ መስመር አነበበ። ከሥሩ ያው መስመር እንዳለ ተደግሟል። ድምፁ ምንም እንዳላየ ዘልሎት ወደ ቀጣዩ ሄደ።

ጸደንያ ይህን ታውቀዋለች። ቦና ባለፈው ክረምት «የተደጋገመ መስመርና ቃል ሲያጋጥመው አንዴ ብቻ ያንብብ፤ አድማጭ እንዳይሰለች» ብሎ የጨመረው ነው። ማጥፊያ እንኳን አላበጀለትም። እሷም «ጎበዝ!» ብላው ዕለቱን አሳለፈችው። አንድ አራሚ አድማጭ ይኖራል ብላ አላሰበችም።

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣባት። ማንም አያውቅም። ማታ ቤቷ ገብታ ብታስተካክለው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እትም ተሸሽጎ ቢያልፍ፣ ነገሩ በሆድ ይፍጀው ተብሎ ይቀራል። ግን እኚህ ሰውዬ ጆሯቸው ሥር ሰዓት እያስጠጉ ሊኖሩ ነው።

«ጋሼ» አለች። «ጆሮዎ ደኅና ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ነገረቻቸው፣ ምንም ሳታስቀር። መልሳቸውንም ሳትጠብቅ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ያ ነገር ከመጨመሩ በፊት የነበረውን እትም ከማኅበሩ ማኅደር አውርዳ ጫነችው። ከዚያ ያንኑ ገጽ ከፈተች። አንደበት አሁን እንደ ድሮው ሻከር ባለ ድምፁ አነበበ፤ መስመሩን አለ፣ መልሶም ያንኑ መስመር አለ።

«አለ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ወጋየሁ፤ እጃቸው ከጉንጫቸው ላይ ተነሣ። «ይኸው! ሁለቴ አለ! ወርቅዬ፣ ሰማሁት!»

ወይዘሮ ወርቅዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ጋሼ ግን ደስታቸው አፍታም አልቆየ፤ ወደ ጸደንያ ዞረው ተቆጡ፣ እንደ ጉድ ተቆጡ።

«አንቺ! እኔ ጆሮዬን ስወቅስ፣ ሽማግሌ ሆንኩ ብዬ ሥራዬን ስጥል፣ ለካ ይህ ድምፅ ሲዋሸኝ ኖሯል! ማን ዝለልልኝ አለው? እንከኑን እንድሰማ እንጂ እንዲሸፋፍንልኝ መቼ ለመንኩ? በየሳምንቱ የሰው ጆሮ እየቀያየራችሁ፣ አንድ ሰው እንኳን አትጠይቁም?»

ጸደንያ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ኀፍረት ልብሷን አልፎ ቆዳዋን ለበለባት። ያም ሆኖ ከዚያ ሁሉ ቁጣ ሥር አንድ ነገር ደስ እያላት መጣ። በዚህ ጥቅል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የተነገራት ገና አሁን ነው።

«ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች ሲረጋጉ። «እስቲ ይንገሩኝ፣ በስንት ጊዜ ይቀየር?»

ቦናም በስልክ ገባ፤ መጀመሪያ ተከራከረ፣ የሆነውን ሲሰማ ግን ድምፁ ወረደ። ሦስቱ ሆነው ሲመክሩ ቆዩ። ሌባ የሚያስገባ ቀዳዳ ሲገኝ ያኔውኑ ይደፈን፤ ድምፁን ጥርቅም የሚያደርግ ብልሽትም ሲጠገን ወዲያው ይለፍ፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ጆሮ የሚሰማውን የሚለውጥ ነገር ግን ሌላ ነው። ማተሚያ ቤቶች የሚጨናነቁት ከመስከረም በፊትና ከፋሲካ በፊት ነው አሉ ጋሼ፤ የማሠልጠኛው ፈተና ሰኔ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ለውጥ በዓመት ሁለቴ፣ ሥራ በሚረግብበት በኅዳርና በግንቦት ብቻ ይለቀቅ፤ ከሳምንታት በፊትም ድምፁ ራሱ «ልቀየር ነው» ብሎ ይናገር። ለማይፈልገውም ሰው ማጥፊያ ይኑረው።

«ከመለቀቁ በፊት ግን እርስዎና እነ እትዬ በቀለች ትሰሙታላችሁ» አለች ጸደንያ።

«እነ በቀለች?» ሳቁ ጋሼ። «እነሱማ ጥሩ ነው ነው የሚሉሽ። እኔም ያው ነኝ፤ ቅድም ውኃ ሆኗል አላልኩሽም?»

እውነታቸውን ነው። ጸደንያ ግራ ገባት። ይሉኝታን በየትኛው ፕሮግራም ይጠግኑታል?

«እኛ አራሚዎች ዘንድ አንድ ደንብ አለ» አሉ ጋሽ ወጋየሁ። «ንጹሕ ሆኖ የተመለሰ ረቂቅ፣ ያልተነበበ ረቂቅ ነው። እንከን ማግኘት ነውር አይደለም፤ ነውሩ አለማግኘት ነው። አንቺም እንደዚያ በያቸው። ማንም ያልነቀፈው እትም አይወጣም፣ ማንም አልሰማውም ማለት ነውና። ያኔ መንቀፉ ሥራ ይሆናል፤ ሰው በሥራው አይሽኮረመምም።»

ቦና በስልኩ ውስጥ «ይህችን ወደድኳት» አለ። ጸደንያ ለማኅበሩ መልሱን እዚያው ተቀምጣ ጻፈች፤ አንደበት መስመር መዝለሉ ተነሥቶለት ከዋናው እትም ጋር ይቆለፍ፣ አዲሱ ነገር በዓመት ሁለቴ ብቻ፣ ያውም ተነቅፎና ታርሞ፣ ለፈለገ በሌላ በር ይሰጥ። ያ የማኅበሩ ቅን ሰው ቅሬታ ሳይኖር ለምን ትቀይሪያለሽ ብሎ እንደሚጠይቃት ታውቃለች፤ ይጠይቅ፣ የጠያቂ ወዳጅ ናት።

ልትሰናበት ስትነሣ ጋሽ ወጋየሁ «ቆዪ» አሉና ስልካቸውን አነሡ። የደወሉት ለግዛው ነው። ድምፁ ለሁሉም ይሰማ ነበር፤ የተለመደው ሰላምታ ረዘመ፣ ጤና ተጠየቀ፣ ግዛውም «ገበያው እንግዲህ እንደሚያውቁት...» ማለት ጀመረ።

«ተወው ገበያውን» አሉ ጋሼ። «ግዛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ሥራ ያቆምክብኝ የወንጌላዊው መጽሐፍ ስለተበላሸ ነው?»

በስልኩ ውስጥ የማተሚያ ማሽን ሲያጓራ ብቻ ተሰማ። ወይዘሮ ወርቅዬ የባለቤታቸውን ትከሻ ያዙ።

«አዎ ጋሼ» አለ ግዛው በመጨረሻ፤ ሰውየው የሚያለቅስ ይመስል ነበር። «እንዴት ብዬ ልንገርዎ? አባቴ ማለት ነዎት።»

የጋሽ ወጋየሁ ፊት በራ። «ተመስገን» አሉ። «ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ፤ ተጠግኗል። አንድ ረቂቅ ላክልኝ፣ ትንሽም ብትሆን። ሳርመው ስህተት ካመለጠኝ ግን ያኔውኑ ደውለህ ትነግረኛለህ።»

«እንዳይቀየሙኝ ፈርቼ እኮ ነው ጋሼ።»

«ካልነገርከኝ ነው የምቀየምህ» አሉ።